ከጨርቁ ሥር ያለው ሥራ

ቀላል አውሮፕላን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ከሥራው ሁሉ ምርጡን መልሶ ይሸፍነዋል። ወራት የፈጀበት የክንፉ አጥንት፣ አንድ በአንድ የመረጠው እንጨት፣ ለክቶ ያጣበቀው መጋጠሚያ ሁሉ በመጨረሻ ጨርቅ ይለብሳል። ጨርቁ ይሰፋል፣ ይቀባል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲያ መንገደኛው የሚያደንቀው ቀለሙን ነው። ሠሪው ግን ከጨርቁ ሥር ምን እንዳለ ያውቃል፤ አውቆም ሕይወቱን ይዞ ይቀመጥበታል። ጥሩ ሥራ ስል እንዲህ ያለውን ነው፤ ተመልካች የማያየውን፣ አየሩ ግን መጋጠሚያ በመጋጠሚያ የሚፈትነውን።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው የዚህ ሥራ ዋጋ ከሌላው አገር ይልቅ ይጎላል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ላይ ትገኛለች። ለአውሮፕላንም እንግዳ አይደለችም፤ በዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ኤም ኬ ኤስ የሚል የራሷ መለያ አላት። ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ደጋው በገደል ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ያያል። በሰሜን በኩል የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ጫካና ገደል አለ። ገደሉን ታክኮ የሚወጣው ነፋስ አሞራውን ክንፉን ሳያራግብ ያነሣዋል፤ ልጅ አዋቂው ይህን ሲያይ ነው ያደገው።

ለሰው ሥራ ግን ይህ አየር ለጋስ አይደለም። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በ2,600 ሜትር ከፍታ ወደ 0.95 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው፣ ክንፉም የሚደገፍበት ይኸው የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት በባሕር ወለል ላይ ከሚበቃው ፍጥነት 14 በመቶ ገደማ የበለጠ መሮጥ አለበት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በርትታ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ 3,400 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይቸገራል። በቆላ አገር ጥቂት ኪሎ መቀነስ የጥንቃቄ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ያው ጥቂት ኪሎ የመነሣትና ያለመነሣት ጉዳይ ነው።

ተራ ሰው በጓሮው አውሮፕላን እንዲሠራ መንገድ ከከፈቱት አንዱ የቺካጎው ኤድዋርድ ሂዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ፓራሶል የተባለች ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ሠራ፤ ከዚያም ዕቃዋን አዘጋጅቶ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥማት መሸጥ ጀመረ። ሞተሩን ሳይጨምር ዋጋዋ 199 ዶላር ነበር፤ ይህን በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ ሰው ክፍል በክፍል እየገዛ መቀጠል ይችል ነበር። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9.5 ሜትር ገደማ ሆኖ ከአብራሪው ራስ በላይ በዘንጎች ተደግፎ ይቀመጣል። ሞተሯ ሄንደርሰን ከሚባል ሞተር ሳይክል የተወሰደ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፣ ጉልበቱ 30 ፈረስ አይሞላም። ባዶዋን ስትመዘን 130 ኪሎ ያህል ነበረች። ሁለት ጎልማሶች አንድ ላይ ቢመዘኑ ከዚህ ይበልጡ ይሆናል።

ይህች ትንሽ አውሮፕላን ከእኛ ታሪክ ጋር የምትገናኘው በጆን ሮቢንሰን በኩል ነው። ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ በቺካጎ የነበረው የኩርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት አልቀበልህም አለው። እሱም እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረና ክፍሉን እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ። እሱና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ የመኪና መካኒኮች ነበሩ፤ መጀመሪያ እጃቸውን ያፍታቱትም በሞተር ሳይክል ሞተር በምትበር ሂዝ ፓራሶል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ዓመት፣ ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በኮሎኔልነት ማዕረግ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ይዞ፣ መሣሪያ ባልታጠቁ ጥቂት አውሮፕላኖች በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል ተመላለሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ላይ በሰፈሩበት ጊዜም የወሎን ሰማይ አቋርጧል። መለዋወጫ በሌለበት፣ ጠላትም ሰማዩን በያዘበት ሁኔታ አውሮፕላንን በሕይወት ማቆየት ማብረር ብቻ ለሚያውቅ ሰው አይቻልም። አጥንቷን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

እንግዲህ ጨርቁን ገልጠን ወደ አጥንቱ እንግባ።

ሥራው የሚጀምረው እንጨት በመምረጥ ነው። የድሮዎቹ አውሮፕላን ሠሪዎች የመረጡት ስፕሩስ የተባለውን የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው፤ ለክብደቱ ያለው ጥንካሬ ከብዙ እንጨት ይበልጣል፣ ጭረቱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጥሩ ሠሪ ጣውላውን ከመግዛቱ በፊት አሻግሮ ጠርዙን ያያል። ጭረቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ካዘነበለ ያ ጣውላ ለክንፍ አይሆንም፤ ሸክም ሲበዛበት በጭረቱ በኩል ይሰነጠቃልና። ቀጥሎ የዕድሜ ቀለበቶቹን ይቆጥራል፤ የተራራቁ ከሆኑ ዛፉ በችኮላ ያደገ ነው፣ ይተወዋል። ከዚያ እርጥበቱን ይመረምራል፤ 12 በመቶ ገደማ ሲሆን ተስማሚ ነው። የእኛ አናጺ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ባሕር ዛፍ ክረምት ላይ ተሠርቶ በጋ ላይ ሲጣመም ስንት በርና መስኮት አበላሽቶበታል! በበር ላይ ጣጣው ከመላጊያ አያልፍም። በክንፍ ላይ ሲሆን አውሮፕላኑን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

የክንፉ ዋና ተሸካሚዎች ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚሄዱ ሁለት ወራጆች ናቸው፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ። አብራሪውን፣ ሞተሩን፣ ነዳጁን በአየር ላይ የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ወራጁ ሲታጠፍ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል፤ በመካከሉ ባለው መስመር ላይ ግን ጫናው ትንሽ ነው። ስለዚህ ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ የሚበሳው በተቻለ መጠን በዚያ መካከለኛ መስመር ላይ ነው። መሰርሰሪያው ለዓይን እንኳ በማይታወቅ መጠን ካዘነበለ ቀዳዳው በማዶ ሲወጣ ቦታውን ይስታል። ጥንቁቅ ሠሪ መጀመሪያ በጠባብ መሰርሰሪያ ይበሳና ቀስ በቀስ ያሰፋዋል፤ በመጨረሻም የቀዳዳውን ውስጥ ሳይቀር ቫርኒሽ ይቀባዋል። እርጥበት የሚገባው ማንም በማያየው በዚያ በኩል ነውና።

በወራጆቹ ላይ ጎድኖቹ ይሰካሉ። ለክንፍ ቅርጹን የሚሰጡት ጎድኖች ናቸው፤ ከላይ የጎበጠ፣ ከፊት የዞረ፣ ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ። አንዱ ጎድን የሚሠራው ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ነው። ሠሪው በሰፊ ሰሌዳ ላይ የጎድኑን ቅርጽ በትክክል ይሥላል፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ እንጨቶችን ቸንክሮ ፎርማ ያበጃል። ከፊት በኩል በጣም የሚታጠፈውን ዘንግ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ወይም በእንፋሎት አለስልሶ ፎርማው ውስጥ ያስገባዋል። በላይኛውና በታችኛው ዘንግ መካከል አጫጭር ማገሮችን በሰያፍ እየቆረጠ ያቆማል፤ የእያንዳንዱ ማገር ጫፍ ከሚነካው ዘንግ ጋር ብርሃን ሳያሳልፍ መግጠም አለበት። በየመጋጠሚያው ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በኮላ ተለጥፋ በጥቃቅን ምስማር ትያዛለች።

ምስማሩን ያየ ሰው ሸክሙን የሚይዘው እሱ ይመስለዋል። የምስማሩ ሥራ ግን ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ቁራጯን ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙ ሁሉ የኮላው ነው። ኮላም ሰፊና የተስተካከለ ፊት ይፈልጋል። መጋጠሚያው ተንጋድዶ ኮላ በብዛት ከተሞላበት ከላይ ሲያዩት የጠገበ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ደካማ ነው። እዚህ ላይ የእጅ ልክ ይታያል። ጎድኖቹ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ቢቆሙ ለ9.5 ሜትር ክንፍ 30 ያህል ያስፈልጋሉ። በእያንዳንዱ ላይ 20 ግራም የማያስፈልግ ኮላና እንጨት ቢቀር፣ ክንፉ ያለ ምንም ጥቅም ከግማሽ ኪሎ በላይ ተሸክሞ ይነሣል። ጥሩ ሠሪ ጎድኖቹን አንድ በአንድ ይመዝናል። ሠላሳዎቹም ተቀራራቢ ክብደት ሲኖራቸው እጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳልሰነፈ በሚዛን ተመሰከረለት ማለት ነው።

በሂዝ ዘመን የነበረው ዋና የአውሮፕላን ኮላ የተሠራው ከወተት ነው። ወተት ሲረጋ የሚለየው፣ አይብ የሚሆነው ፕሮቲን ካዜን ይባላል። ደርቆና ተፈጭቶ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ውሃ በቀላሉ የማይፈታው ጠንካራ ኮላ ይወጣዋል። ድክመቱ ሻጋታ ነው፤ ረጅም እርጥበት ያጠቃዋል። በኋላ የኬሚካል ኮላዎች ተተክተውበታል። የተልባ ነገርም ያስገርማል። ብዙዎቹ የድሮ አውሮፕላኖች የለበሱት ሊኖ ከተልባ ግንድ ጭረት የተፈተለ ጨርቅ ነው፤ ከዘሩ የሚወጣው ዘይት ደግሞ የቱቦላሬ ብረት ውስጡ እንዳይዝግ ተሞቆ ይፈስበት ነበር። ወሎ ደጋ ላይ ተልባ ለዘሩ ይዘራል፤ ወተቱም አይቡም በየቤቱ አለ። ብዙዎቹ የድሮ ክንፎች የተያያዙትና የለበሱት የደጋ ገበሬ በየቀኑ በሚነካቸው ነገሮች ነው። ይህን ሳስብ አውሮፕላን ከሩቅ የመጣ ምትሐት መሆኑ ይቀርና የእጅ ሥራ ሆኖ ይታየኛል።

ጎድኖቹ ተሰክተው ካለቁ በኋላ የክንፉ ጥግ ቀጥታ መሆኑ ይረጋገጣል። በሁለቱ ወራጆች መካከል በየክፍሉ ሁለት ሽቦዎች በሰያፍ ይሻገራሉ፤ አንዱ ክንፉ ወደ ኋላ እንዳይሳብ፣ ሌላው ወደ ፊት እንዳይሄድ ይይዘዋል። ሠሪው የሁለቱን ሰያፍ ርዝመት እየለካ አንዱን ሲያላላ ሌላውን ሲያጠብቅ ይውላል። አንዱን ክፍል ሲያቃና ሌላው ይዛባል። ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በውሃ ልክና በቱምቢ እየፈተሸ፣ ከሥር እስከ ጫፍ በአንድ ዓይኑ አሻግሮ እያየ፣ ክንፉ ጥምዘዛ እንደሌለው እስኪረካ ድረስ ጨርቅ አያነሣም።

ጨርቁ ራሱ ተራ ጨርቅ አይደለም። ለአውሮፕላን የሚሸመነው የጥጥ ጨርቅ በድሩም በማጉም በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 32 ያህል ክር አለው። ሸማኔ ይህን ቁጥር ሲሰማ ምን ያህል ጥብቅ ሥራ እንደሆነ ይገባዋል። ጨርቁ በክንፉ ላይ ይወጠርና ከእያንዳንዱ ጎድን ጋር ይሰፋል። መርፌው ረጅም ነው፤ ሰም በተቀባ ክር ከላይ ገብቶ የክንፉን ውፍረት አልፎ በታች ይወጣል፣ ጎድኑን ዞሮ ይመለሳል። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆነው ሁለት ሰዎች ቢሰፉት ይቀላል። እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ይቋጠራል፤ አንዱ ቢበጠስ ጎረቤቱ እንዳይተረተር። የፕሮፔለሩ ነፋስ በሚመታው የክንፉ ክፍል ላይ ስፌቱ ይቀራረባል፣ ከዚያ ሲርቅ ይራራቃል። የስፌቱን አቀማመጥ ብቻ አይቶ ሞተሩ የት እንዳለ መናገር ይቻላል።

ቀጥሎ ዶፕ የሚባለው ቅብ ይመጣል። የመጀመሪያው ቅብ ጨርቁን ዘልቆ ክሩን ማራስ አለበት፤ ሲደርቅ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይወጠራል፣ በጣት ሲመቱት እንደ ድቤ ይጮኻል። ቀጥሎ የአሉሚኒየም ብናኝ የተቀላቀለበት ይቀባል፤ ፀሐይ ክሩን እንዳትበላው ይከላከላል። ደጋ ላይ ፀሐይዋ ስለምትከፋ ይህ ቅብ ሊዘለል አይገባም። በየመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይለሰልሳል፤ በጎድኑ ጀርባ ላይ እጁን የሚያከብድ ሰው ግን ጨርቁን በልቶ ይጨርሰዋል። ቅቡ ከበዛ ክብደት ይጨምራል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጣጠቃል። እርጥበት ባለበት ቀን ከተቀባ ነጭ ጉም ያወጣል፤ ስለዚህ በእኛ አገር ይህ ሥራ ከክረምት በፊት ወይም ከመስከረም በኋላ ነው መሆን ያለበት። በመጨረሻ በክንፉ የኋላ ጠርዝ፣ በታች በኩል፣ በየክፍሉ አንዳንድ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። ውስጥ የገባ ውሃ የሚወጣው በዚያ ነው። ይህችን ቀዳዳ የረሳ ሠሪ ስንት ወር የደከመበትን ጎድን ለብስባሴ ይሰጠዋል።

የብረቱም ሥራ ከእንጨቱ አያንስም። የፓራሶል አካል ከቀጫጭን ቱቦላሬ ብረት የተበየደ ነው። ሁለት ቱቦዎች የሚገናኙበት ጫፍ የዓሣ አፍ መስሎ ይሞረዳል፤ አንዱ የሌላውን ክብ ገጽ ያለ ክፍተት እስኪያቅፍ ድረስ። ክፍተቱን በብየዳ እሞላዋለሁ ያለ ሰው ብረቱን ከሚገባው በላይ አሙቆ ያደክመዋል። ጥሩ ብየዳ እኩል በሆነ ርቀት የተደረደረ ሞገድ ይመስላል፤ እሳቱ የት እንደዘገየ፣ የት እንደቸኮለ አይታይበትም። ዳዶና ቡሎኑ ደግሞ ተጠብቆ ብቻ አይተውም። በቀጭን ሽቦ ታስሮ በፒንሳ ይጠመዘዛል፤ ሽቦው የሚስበውም ዳዶውን ወደሚያጠብቀው አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው ከታሰረ ያው ሽቦ ዳዶው እንዲላላ ይረዳዋል። ልምድ ያለው መርማሪ አውሮፕላን ሲቀርብለት መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው በእነዚህ ሽቦዎች ላይ ነው፤ በዚህ የተጠነቀቀ ሰው በሌላውም እንደማይለግም ያውቃል።

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ሥራ የከበረ ምሳሌ ፀሐይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ሠራት፤ ስሟንም ከልዕልት ፀሐይ ወሰደች። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ሞተር ተገጠመላት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚህ ጉልበት በእውነት የሚቀራት ከ90 ፈረስ በታች ነው፤ በዚያ ጉልበት ከዚያ ከፍታ ተነሥታ በረረች። የአውሮፕላን ፋብሪካ በሌለበት ከተማ፣ ጦርነት ደጅ ላይ በቆመበት ዓመት የተሠራች አውሮፕላን መብረሯ የሠሪዎቿን ጥንቃቄ ያሳያል፤ ግምት የሚበዛበት እጅ በዚህ ከፍታ አውሮፕላን አያስነሣም። ጣሊያኖች ከወረራው በኋላ ወሰዷት፤ ሮም አጠገብ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትታይ ኖራ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ወደ አገሯ ተመለሰች። ስለ ፀሐይ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የመወሰዷና የመመለሷ ጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ ተማሪዎች ወደ እሷ ሲወሰዱ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያዎቿን እንዲያዩ እመኛለሁ፤ የኢትዮጵያውያን እጅ የነካው እሱን ነውና።

ከፀሐይ በኋላ በተቋም ደረጃ የተሠራም አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አግ ካት የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ገጣጥሞ እሸት የሚል ስም ሰጥቶታል።

በግል፣ በራሳቸው ፍላጎትና በራሳቸው ገንዘብ ከሠሩት አንዱ ግን አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ናቸው። የተማሩት የሕብረተሰብ ጤና ነው። አብራሪ ለመሆን ወደ አቪዬሽን ማሠልጠኛ ሲያመለክቱ ቁመታቸው ከተጠየቀው በአንድ ሴንቲ ሜትር አነሰና ሳይገቡ ቀሩ። ከዚያ ስለ አውሮፕላን አሠራር የተጻፉ መጻሕፍትን አነበቡ፣ በኢንተርኔት የተለቀቁ ቪዲዮዎችን አዩ፣ አዲስም ያገለገለም ዕቃ እየሰበሰቡ መሥራት ጀመሩ። ለአውሮፕላኗ ኬ 570 ኤ የሚል ስም ሰጧት። ኬ የእናታቸው የኪሮስ ስም መነሻ ናት፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ነው።

የመረጡት ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን ሞተር ነው፤ በየሰፈሩ የምናውቀው የቮልስ። ይህ ምርጫ የአዋቂ ምርጫ ነው። የቮልስ ሞተር በአየር ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተርና ውሃ አይሸከምም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ስለተጋደሙ ንዝረቱ የተመጣጠነ፣ ቁመቱም ዝቅ ያለ ነው። ፕሮፔለሩ ያለ ማርሽ በቀጥታ በዘንጉ ጫፍ ላይ ሊታሰር ይችላል። በዓለም ዙሪያ በቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የወደዱት በዚህ ምክንያት ነው። አቶ አስመላሽም አዲስ አበባ ውስጥ ማንም መካኒክ ፈትቶ የሚገጥመውን፣ መለዋወጫው የማይጠፋውን ሞተር ነው የመረጡት።

እ.ኤ.አ. በ2015 ለመነሣት ሲሞክሩ ፕሮፔለሩ ተሰበረ፤ አውሮፕላኗ ሳትነሣ ቀረች። ፕሮፔለር ምን እንደሚሸከም ያወቀ ሰው በዚህ አይፈርድባቸውም። ርዝመቱ 1.4 ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 220 ሜትር ይሄዳል። እያንዳንዱ ክንድ ከመካከሉ ተነቅሎ ለመሄድ የሚታገልበት ኃይል ከራሱ ክብደት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጥሩ የእንጨት ፕሮፔለር ከአንድ ግንድ አይቀረጽም፤ ቀጫጭን ጣውላዎች ተደራርበው ይጣበቁና ይጠረባሉ፣ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይካሳል። ሲያልቅ መካከሉ በቀጭን ዘንግ ላይ ይቀመጥና ወደ የትኛው በኩል እንደሚያጋድል ይታያል። በቀለለው ክንድ ጫፍ ላይ ቫርኒሽ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያቆሙት ሳይንቀሳቀስ እስኪቆም ድረስ ይመጣጠናል። የመጨረሻዋ ማስተካከያ የምታህለው አንድ ጠብታ ቫርኒሽ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማየው አንድ ነገር አለ። ቀላል አውሮፕላን የሚሠራ ሰው የሚያሸንፈው በመጨመር አይደለም። ሌላ ሙያ ላይ የተጠራጠረ ሰው ያወፍራል፤ ግድግዳውን ያወፍራል፣ ብረቱን ያበዛል፣ ምስማር ይደግማል። እዚህ ግን የተጠራጠረ ሰው ያለው መንገድ መለካት፣ መመዘን፣ መፈተን ብቻ ነው። ያወፈረ አይነሣም፤ ያሳነሰ ይሰበራል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ መንገድ የሙያ መንገድ ናት፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ እየጠበበች ትሄዳለች።

መካነ ሰላም ላይ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፣ አናጺ አለ፣ ብየዳ ቤት አለ። ማንም ነገ ተነሥቶ ይብረር አልልም። ለመብረር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ሥልጠናና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ያም ልክ ነው። አንድ ጎድን ለመሥራት ግን ሰሌዳ፣ መላጊያ፣ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ይበቃል። አንድ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች ከአንድ አናጺ ጋር ቢቀመጡ ጎድን መሥራት፣ መመዘን፣ ሸክም ጭነው የት እንደሚሰበር ማየት ይችላሉ። መጋጠሚያው ላይ ኮላው ከለቀቀ ሥራው ደካማ ነበር፤ ኮላው ይዞ እንጨቱ ራሱ ከተቀደደ የአናጺው እጅ ትክክል ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስለ ኃይል፣ ስለ አየርና ስለ እንጨት በክፍል ከተነገረው ሁሉ የበለጠ ይቀራል።

ጎድኑ ተሳክቶ ክንፍ ላይ የደረሰ ቢኖር ደግሞ ዋናው ፈተና ይጠብቀዋል። ክንፉ ይገለበጥና አሸዋ የሞላ ጆንያ ይደረደርበታል። ከአብራሪዋ ጋር 250 ኪሎ ለምትመዝን አውሮፕላን፣ ከክብደቷ አራት እጥፍ ገደማ ትሸከማለች ተብሎ ከታሰበ ወደ አንድ ቶን አሸዋ ይጫናል። ክንፉ ይጎብጣል። ጆንያዎቹ ሲነሡ ጫፉ ወደ ነበረበት ልክ ከተመለሰ አለፈ፤ ጎብጦ ከቀረ ወደቀ። ይህ ፈተና የሠሪውን ቁመት አይለካም፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደተቀበለው ወይም እንዳልተቀበለው አይጠይቅም። የሚጠይቀው መጋጠሚያው በልኩ ተላግቶ፣ በልኩ ተጣብቆ እንደሆነ ብቻ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላቸው እጆች በመካነ ሰላም አናጺ ቤቶች ውስጥ እንዳሉ አምናለሁ።